ለልጆች ምን እናሳይ? ስለ «ጠፋው ታቦት» ፊልም የቀረበ አሳብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሕፃናት ክፍላችን ይሞላል። በዚያን ጊዜ በዓባይ ማዶ ለምንገኘው ወጣቶች፣ በተለይም ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወጥተን የማስተማር ተራ ለሚደርሰን፣ መዝሙሩና የቃል ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለልጆቹ ምን ፊልም እናሳያቸው?» የሚል ነው። መንፈሳዊ ፊልም በቋንቋችን እንደ ልብ አይገኝም፤ ያለውንም ልጆቹ ደጋግመው አይተውታል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ከቆዩት የውጭ አገር የጀብዱ ፊልሞች መካከል «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የአሜሪካ ፊልም ስም አንሥተናል። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የጠፋው ታቦት ዘራፊዎች» እንደ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ «የጠፋው ታቦት» እንለዋለን።

በነገሩ ላይ ሦስት ዓይነት አሳብ ይሰማል። አንዱ ወገን «ስለ ታቦት የሚናገር ፊልም ስለ ሆነ ለልጆቻችን ከዚህ የተሻለ አይገኝም» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ደምና ሬሳ የበዛበትን ፊልም እንኳን በሰንበት ትምህርት ቤት በቤትም ማሳየት አይገባም» ይላል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ «ፊልም ፊልም ነው፤ ልጆቹ ይሣቁና ይደሰቱ፤ ምን አከራከረን?» ይላል። ሦስቱም የሚናገሩት ከፍቅር እንጂ ከክፋት አይደለም። ይሁን እንጂ ሦስቱም ቢሆኑ ጥያቄውን እስከ ሥሩ የቆፈሩት አይመስለንም። ልጅን ምን እናሳየው ብሎ መጠየቅ፣ ልጁ ምን ወድዶና ምን ጠልቶ እንዲያድግ እንሻለን ብሎ ከመጠየቅ አይለይምና ነገሩን ቀስ ብለን እንመርምረው።

በመጀመሪያ ፊልሙን ላላያችሁት በአጭሩ እንግለጸው። ታሪኩን ካሰቡት አንዱ ጆርጅ ሉካስ፣ አዘጋጁ ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ዋናውን ሰው ሆኖ የሠራው ሃሪሰን ፎርድ ነው። ርዝመቱ 115 ደቂቃ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ካላቸው ፊልሞች መዝገብ አስገብቶታል። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ኢንዲያና ጆንስ የሚባል የአርኪኦሎጂ መምህር፣ ናዚዎች የቃል ኪዳኑን ታቦት በግብጽ አሸዋ ሥር ፈልገው ሊያወጡ ነው ተብሎ እንዲቀድማቸው ይላካል። ከዚያ በኋላ እባብ የሞላበት ጕድጓድ፣ በመኪና ላይ የሚደረግ ትግል፣ ማሳደድና ማምለጥ ይከተላል። በመጨረሻም ናዚዎቹ ታቦቱን ሲከፍቱ እሳት ወጥቶ ያጠፋቸዋል። ኢንዲያናና ማሪዮን የምትባለው ባልንጀራው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ነበር ይተርፋሉ። ታቦቱም በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ወደ አንድ ትልቅ የመንግሥት መጋዘን ሲገባ ፊልሙ ያበቃል።

እንግዲህ በመጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ ስለሚያስፈራው ነገር ነው። እውነትም በፊልሙ ውስጥ ለሕፃን ዓይን የማይገባ ትዕይንት አለ። ገና ሲጀምር በወጥመድ ተወግቶ የቀረ ሬሳ ይታያል፤ በመካከሉ አንድ ሰው በአውሮፕላን ዘንግ ይመታል፤ በመጨረሻው ደግሞ የሰው ፊት እንደ ሻማ ሲቀልጥ ይታያል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። የአንደኛው ሰው ራስ የሚፈነዳበት ትዕይንት ፊልሙን «አር» ለሚባለው፣ ልጆች ያለ ወላጅ ለማይገቡበት ደረጃ የሚዳርገው ስለ ነበር፣ በላዩ ላይ የእሳት ነበልባል ጨምረው ሸፈኑት። ፊልሙም «ፒ ጂ» ማለትም «ወላጅ ይምከርበት» የሚለውን ደረጃ አገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ከዚህ ፊልም ቀጥሎ የወጣው ሁለተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልምና «ግሬምሊንስ» የተባለው ሌላ ፊልም ብዙ ወላጆችን ስላስቈጡ፣ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል «ፒ ጂ 13» የተባለ አዲስ ደረጃ ወጣ። «የጠፋው ታቦት» ግን ያን ጊዜ የተሰጠውን «ፒ ጂ» እንደ ያዘ ቀረ።

ይህን የምንጠቅሰው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በፊልም ማሸጊያ ላይ የተጻፈ ምልክት የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑን እንድናውቅ ነው። ምልክቱ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በድርድር የወጣ ነው። ሁለተኛው፣ ምልክቱ የሚመዝነው ደሙንና ስድቡን፣ ዓይን የሚያየውንና ጆሮ የሚሰማውን መሆኑን እንድናስተውል ነው። ልጁ በልቡ ምን ይዞ እንደሚወጣ ግን ምልክቱ አይመዝንም፤ ሊመዝንም አይችልም።

ስለ ፍርሃቱ ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚጨመር ነገር አለ። ፊልሙን በ1981 ያዩት የአሜሪካ ልጆች የብዙዎቹ የጥይት ድምፅ ከሲኒማ ቤት ውጭ አያውቁም ነበር። የእኛ ልጆች ግን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ውጊያ ወደ ከተማችን በገባ ጊዜ ከእናታቸው ጋር በወለል ላይ ተኝተው ያደሩ ናቸው። ርችት ሲተኰስ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ በየሰፈራችን አለ። እንዲህ ላለው ልጅ በትልቅ ድምፅ ማጉያ የተኩስ ጋጋታ ማሰማት ጨዋታ አይደለም፤ ቍስሉን መንካት ነው። ስለዚህ ፍርሃት አለ የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው። በተለይ ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ይህ ፊልም የማይገባ መሆኑን ሳንጠራጠር እንናገራለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ታቦቱ ነው። ፊልሙ ታቦቱ ወደ ግብጽ የሄደው በንጉሡ በሺሻቅ እጅ ነው ይላል። ሺሻቅ በሮብዓም ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የቤተ መቅደሱን መዝገብ እንደ ወሰደ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 14 ተጽፏል፤ ታቦቱን ወሰደ የሚል ቃል ግን በዚያ የለም። የእኛ አባቶች ትውፊት ደግሞ ታቦተ ጽዮን በቀዳማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን እንደ መጣችና በአክሱም እንደምትገኝ ያስተምራል። ከዚህ ከባሕር ዳር በታንኳ የምንደርስባት የጣና ቂርቆስ ገዳምም ታቦቷ ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያረፈችባት ስፍራ መሆኗን መነኮሳቱ ይናገራሉ። ስለዚህ የዓባይ ማዶ ልጅ «የጠፋው ታቦት» የሚለውን ርእስ ሲሰማ «ማን ጠፋ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይደንቅም። ጥያቄውም መልካም ጥያቄ ነው፤ ልንፈራው አይገባም።

በእኛ አስተያየት ከቦታው ስሕተት ይልቅ የሚከብደው ሌላው ስሕተት ነው። በፊልሙ ውስጥ ታቦቱን ይዞ የሚዘምት ሠራዊት አይሸነፍም ይባላል፤ ናዚዎቹም አሜሪካኖቹም የሚፈልጉት ስለዚህ ነው። ማለትም ታቦቱ እንደ መሣሪያ ተቈጥሯል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን በሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 የሚነግረን ተቃራኒውን ነው። እስራኤል ያለ ንስሐ፣ በዔሊ ልጆች በአፍኒንና በፊንሐስ መሪነት፣ ታቦቱን ወደ ጦር ሜዳ አወጡት፤ 30 ሺህ እግረኛ ወደቀባቸው፤ ታቦቱም ተማረከ። በኢያሪኮ ዙሪያ ታቦቱ በዞረ ጊዜ ቅጥሩ የወደቀው ሕዝቡ እንደ ታዘዘው ስላደረገ እንጂ ታቦቱ በሰው እጅ የሚተኰስ መድፍ ስለ ሆነ አልነበረም። የእግዚአብሔርን ነገር ለራስ ወገን ድል መሣሪያ ለማድረግ መሻት የናዚዎች ብቻ ፈተና አይደለም። በየዘመኑ በየአገሩ ያለ ነው፤ እኛንም አይምረንም።

ይህም ሆኖ የፊልሙን መጨረሻ በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ኢንዲያና በመካከሉ ታቦቱን በመድፍ እሰብራለሁ ብሎ ዛተ፤ ነገር ግን ውስጡን ለማየት ያለው ምኞት አሸነፈውና ሳያደርገው ቀረ። ይህ ሁሉን ማየት፣ ሁሉን መንካት፣ ሁሉን ማውጣት የለመደ ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ዓይኑን ጨፈነ፤ ባልንጀራውንም «አትመልከቺ» ብሎ አዳናት። ታቦቱን ለማየት የደፈሩት የቤትሳሚስ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው፣ እጁን የዘረጋው ዖዛም እንዴት እንደ ወደቀ ያነበበ ልጅ ይህን ትዕይንት ወዲያው ይረዳዋል። እንዲያውም ከሌላው አገር ልጅ ይልቅ የእኛ ልጅ ይረዳዋል ብለን እናምናለን። በጥምቀት ታቦታቱ በካህናት ራስ ላይ በመጎናጸፊያ ተሸፍነው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ ሰው ሁሉ ሲሰግድ አይቶ ያደገ ልጅ፣ የማይታይ ነገር የሌለ ነገር ማለት አለመሆኑን ቀድሞ ያውቃልና። ሁሉ ነገር በስልክ ካሜራ ፊት በሚቆምበት በዚህ ዘመን፣ የማይመለከቱት ነገር አለ ብሎ የሚያበቃ የጀብዱ ፊልም ብዙ አናገኝም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ብዙዎች የሚያነሡትን ነው። አሁን ግን ጥቂቶች ወደሚያነሡት፣ በእኛ ዘንድ ግን ከሁሉ ወደሚበልጠው እንምጣ። እርሱም ልጆች የሚፈሩበት ሳይሆን የሚሥቁበት ነው።

በካይሮ ገበያ ውስጥ ጥቁር የለበሰ አንድ ሰይፈኛ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ ሰይፉን እያሽከረከረ ይፎክራል። ኢንዲያና እንደ ደከመው ሰው ሆኖ ሽጉጡን ያወጣና በአንድ ጥይት ይጥለዋል። ተመልካች ሁሉ በሣቅ ይፈነዳል። የዚህ ትዕይንት አመጣጥ ይታወቃል፤ በመጀመሪያ የታሰበው ረጅም የአለንጋና የሰይፍ ፍልሚያ ነበር። ቀረጻው ይካሄድ በነበረባት በቱኒዝያ ፎርድን ተቅማጥ ይዞት ስለ ነበር በአጭሩ ይለቅ ተባለና እንዲህ ሆነ። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ሞት የፊልሙ ታላቅ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

በቀለጠው ፊት ላይ ልጁ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ራሱ ነገሩ ክፉ መሆኑን ይነግረዋል። በሰይፈኛው ላይ ግን ማንም አይደነግጥም። ሞቱ አያምም፤ ሬሳው አይቀበርም፤ የሚያለቅስለት የለም። የሚያስፈራው ትዕይንት ለጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ይነሣ ይሆናል፤ የሚያሥቀው ትዕይንት ግን እንቅልፍ ሳይነሣ ይገባል፣ ሳይታወቅም ይቀመጣል። ስለዚህ ደምን ብቻ የሚቈጥር ሰው በሩን ዘግቶ መስኮቱን ክፍት እንደ ተወ ሰው ነው።

አውግስጢኖስ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የጻፈው ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አሊጲዮስ በሮም የሰዎችን መጋደል ማየት የሚጠላ ወጣት ነበር። ጓደኞቹ ጎትተው ወደ ትዕይንቱ ቦታ ወሰዱት፤ እርሱም አላይም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮውን ግን አልደፈነም። ሕዝቡ በአንድነት በጮኸ ጊዜ ምን ሆነ ብሎ ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያም ያየውን ወደደ። አሊጲዮስን የጣለው ደሙ ብቻ ሳይሆን የሕዝቡ ጩኸት ነው። በአዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ፊልም የሚያዩ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ልጅ ብቻውን ቢሆን ይህ ሰው ሞተ እኮ ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር፤ ስድሳው ሲሥቁ ግን እርሱም ይሥቃል፤ ያሳዘነውን ነገር ለመናገርም ያፍራል።

«ልጆች እኮ ፊልም መሆኑን ያውቃሉ» የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። እውነት ነው፤ ከፍ ያሉት ያውቃሉ። ነገር ግን እውነት አለመሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መልካም አለመሆኑን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ተረትም እውነት አይደለም፤ ነገር ግን አያቶቻችን ልጅን በተረት ያሳደጉት እውነት ያልሆነው ነገር ልብን እንደሚቀርጽ ስለሚያውቁ ነው። ጅቡ መናገር አለመቻሉን ልጁ ያውቃል፤ የጅቡን ስግብግብነት ግን ጠልቶ ይነሣል። ተረት መልካም ሊያስተምር ከቻለ፣ ክፉም ሊያስተምር እንደሚችል መቀበል አለብን።

ከዚሁ ጋር ልጁን የምንጠይቀው ሌላ ነገር አለ፤ «አንተን የሚመስለው ሰው በዚህ ፊልም ውስጥ የት ነው ያለው?» የሚል ነው። በካይሮ የሚኖረው የኢንዲያና ታማኝ ወዳጅ ሳላህ ደግና ደፋር ሰው ነው፤ ነገር ግን ግብጻዊውን ሆኖ የሠራው ጆን ራይስ ዴቪስ የተባለ የዌልስ ሰው ነው። ካታንጋ የሚባለው ጥቁር የመርከብ አዛዥ እንግዶቹን ለማዳን ብልሃት የሚፈጥር ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቈይ ከታሪኩ ይወጣል። የቀሩት ቆፋሪዎች፣ ተሸካሚዎችና ሯጮች ናቸው። ልጃችን ሳያውቀው ከነጩ ጀግና ጋር ሮጦ፣ እርሱን በሚመስሉት ላይ ሥቆ እንዳይወጣ ይህን ማሳየት ይገባል።

ስለ መውሰድም ዝም ልንል አንችልም። ፊልሙ ሲጀምር ኢንዲያና በደቡብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ካለ ቤተ ጣዖት የወርቅ ምስል ያነሣል፤ የቦታው ሰዎች ሲያሳድዱት እኛ የምንሰጋው ለእርሱ ነው። ጣዖት ነው ብለን አንለፈው፤ ጥያቄው የሌላውን ሰው ነገር ማን ፈቅዶለት ወሰደው ነው። ይህ ለእኛ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ባለሙያ አብሮ ነበር። የተዘረፈው ብራናና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ከኢትዮጵያ የሄዱ 11 ታቦታት በዚያው ሙዚየም፣ ለጎብኚ በማይታዩበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊልሙ ታቦቱን በመጋዘን አሽጎ ሲያበቃ የሌላው አገር ሰው ፈገግ ይላል፤ የእኛ ሰው ግን እነዚያን 11 ታቦታት ያስባል። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተገኘው ታቦት ግን በሚቀጥለው ዓመት ለአገራችን ተመልሷል፤ ስለዚህ መመለስ የሚቻል ነገር መሆኑንም ልጆቻችን ይወቁ።

የፊልሙ ዘመን ራሱ ያስተምራል። የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1936 በግብጽ በረሃ ሰፍሮ ቆፈረ የሚለው ልብ ወለድ ነው። በዚያው ዓመት የፋሺስት ጦር በእውነት የገባው ወደ እኛ ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱን ፈጀ፤ በዚያው ዓመት የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮም ወሰደ። ሐውልቱ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በፊልሙ የሚታዩት ክፉዎች ከእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ዘመዶች አሏቸው፤ ያንን ለልጁ የሚነግረው ግን ፊልሙ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ «እንግዲያውስ ፈጽሞ ይከልከል» የሚል ይኖራል። እኛ እንዲህ አንልም። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዛሬ ፊልም በስልክ ይገኛል። በቪዲዮ ቤት ዘመን በር ላይ ቆሞ ልጅን መመለስ ይቻል ነበር፤ አሁን በሩ በልጁ ኪስ ውስጥ ነው። እኛ የከለከልነውን ብቻውን ያየዋል፤ ብቻውን ያየውንም ለእኛ አይነግረንም። ሁለተኛ፣ በፊልሙ ውስጥ መልካም ነገር አለ። ጀግናው ይፈራል፤ ይቈስላል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ ባልንጀራውን ጥሎ አይሄድም፤ የተማረ ሰው መሆኑም ለልጅ የሚያስቀና ነው። ታላቁ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወጣቶች የአሕዛብን መጻሕፍት እንዴት እንዲያነቡ ሲመክር የንብን ምሳሌ ሰጥቷል። ንብ ወደ አበባ ሁሉ አትሄድም፤ ከሄደችበትም ሁሉን ተሸክማ አትመለስም፤ የሚጠቅማትን ወስዳ የቀረውን ትተወዋለች። በጣና ዙሪያ ቀፎ ሲሰቀል አይቶ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ፊልም በልጅ ላይ ያለውን ኃይል ማየት የሚሻ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት ዕድሜያቸው አሥራ አንድና አሥራ ሁለት የሆነ ልጆች ይህንኑ ፊልም ትዕይንት በትዕይንት እንደ ገና እንሥራው ብለው ተነሡ። ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። በአንደኛቸው እናት ቤት ምድር ቤት ውስጥ እሳት እስከ መለኰስ ደርሰዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ትዕግሥትን፣ የእጅ ሥራንና ጓደኝነትን ከዚያው ፊልም ቀድተዋል። እሳቱም ትዕግሥቱም ከአንድ ምንጭ ወጡ። ልጅ ያየውን አይቶ ብቻ አይተወውም፤ ይሠራዋል።

«ክፉውን ቈርጠን መልካሙን እናሳይ» የሚሉም አሉ። ለሚያስፈራው ትዕይንት ይህ ይረዳል። ስፒልበርግ ራሱ «ኢ ቲ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያድስ የፖሊሶቹን ጠመንጃ በመገናኛ ሬዲዮ ለውጦ ነበር፤ በኋላ ግን በማድረጉ እንደ ተጸጸተ ተናግሯል። የሰይፈኛውን ሞት ብንቈርጠው ልጁ ነገ በስልኩ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ግን አጠገቡ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ የሚያስፈራው ይታለፍ፤ የሚያሥቀው ግን ይታይና ይጠየቅበት እንላለን።

ከዚህ በላይ ከዘረዘርነው ተነሥተን ለሕፃናት ክፍል የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ይህ ፊልም አይታይ። የተኩስ ድምፅ ለሚያስደነግጠው ልጅም፣ ዕድሜው ስንትም ቢሆን፣ አይታይ፤ ይህንንም ከወላጆቹ አስቀድመን እንጠይቅ።

2ኛ. ከሰባት እስከ ዐሥራ ሁለት ላሉት በአዳራሽ በጅምላ አይታይ። አምስት ስድስት ሆነው፣ ከአንድ ታላቅ ጋር፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ የመጨረሻው የሚቀልጠው ፊት ታልፎ ይታይ።

3ኛ. ከዐሥራ ሦስት በላይ ላሉት በጉባኤ ይታይ፤ ነገር ግን ከፊልሙ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለውይይት ይቀመጥ። ሰዓቱ ከሌለ ፊልሙም አይኑር።

4ኛ. በየደቂቃው እያቆምን የልጆቹን ደስታ በስብከት አናጥፋ። ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ። ሰይፈኛው በቤቱ የሚጠብቁት ልጆች ቢኖሩትስ? ምስሉን ሲወስድ ማንን አስፈቀደ? በመጨረሻ ዓይኑን ለምን ጨፈነ? መልሱን እኛ አንናገር፤ ልጆቹ ይናገሩ።

ልጅ በሣቀ ኃጢአት ሠራ አንልም። የምንለው፣ ከሣቀ በኋላ «ለምን ሣቅሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ልብ ይኑረው ነው። እንዲህ ያለው ልብ ያለው ልጅ ነገ ሰው በሰፈሩ ሲወድቅ፣ የወደቀው ከየትኛው ወገን ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚያዝን ሰው ይሆናል። ባለንበት ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የምናስተምር አይመስለንም።

ከባዱ ነገር ግን ፊልሙ አይደለም፤ አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው ነው። ለአዳራሹ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ፍላሽ ይበቃል። ልጆቹን ስድስት ስድስት አድርጎ ለማሳየት ግን ዐሥር ወጣት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም ሁለት ሰዓት ከመንፈቅ ከጥናቱና ከዕረፍቱ ይሰጣል ማለት ነው። ልጆችን በስክሪን ፊት አስቀምጦ ለመሄድ ከሆነ ንጹሕ የተባለውም ፊልም አያሳድጋቸውም። ስለዚህ «ፊልሙ ይገባልን?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ከእነርሱ ጋር የሚቀመጥ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ፈቃደኛ የሆናችሁ እኅቶችና ወንድሞች ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ስማችሁን ለሕፃናት ክፍል ኃላፊ እንድታስመዘግቡ በትሕትና እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።